ከኖቬምበር በፊት የታየው ጭስ

ወይዘሮ አርዲስ ኮልበርን የቤት ማሞቂያ ምድጃቸውን አነደዱ ተባለ። ያውም በኦክቶበር! ያውም ገና በአሥራ አራተኛው ቀን!

ወሬውን ያመጣው ፖስተኛው መርል ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ሊያደርስ ወደ ኮረብታው ሲወጣ፣ ከወይዘሮ አርዲስ ጭስ ማውጫ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ነጭ ጭስ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ወሬው ይህን ያህል ብቻ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ጭሱ ጠቆረ። አምስት ሰዓት ላይ ነበልባል ተጨመረበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮዋ ሦስት ሹራብ ደርበው፣ ሻንጣቸውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ልጃቸውን ሲጠብቁ ታዩ። ለምሳ የተቀመጥነው ሰዎች ሾርባችንን ሳንጨርስ ቤቱ ተሽጦ፣ ገዢው ግቢውን የጎልፍ ሜዳ ሊያደርገው መሐንዲስ ቀጥሮ ነበር።

ይህ ሁሉ የተከናወነው ከዶሪን ሱቅ ሳንወጣ ነው። የዶሪን ሱቅ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው ቡና ቤት፣ ግድግዳው ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ከተዘጋው ትምህርት ቤት የመጣ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኖቬምበር አንድ ሳይገባ ምድጃውን ያነደደ ሰው ስሙና የተሸነፈበት ቀን እዚያ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ አይጠፋም። የኛ መንደር ሰው ላሙ የጎረቤት ጎመን ብትጨርስበት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ቢባረርበት፣ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ አንቀላፍቶ ቢወድቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ስሙ ሰሌዳው ላይ የወጣ ዕለት ግን ዳቦ እንኳ የሚገዛው ጎረቤት ልኮ ነው።

ሕጉ ታዲያ የሚናገረው ስለ ምድጃ ብቻ ነው። ስለ ዳቦ መጋገሪያው ምንም አይልም። በዚህ ምክንያት ኦክቶበር በገባ በሁለተኛው ሳምንት መንደሩ በሙሉ ድንገት የመጋገር ፍቅር ያድርበታል። ዱባ ይጋገራል፣ ፖም ይጋገራል፣ የሚጋገር ሲጠፋ ባዶ መጥበሻ ይጋገራል። ሁሉም ቤተሰብ ወንበሩን ወደ ወጥ ቤት ይጎትትና "የፖም ኬኩ እንዳያርብን እየጠበቅን ነው" ይላል። ሐኪማችን በኖቬምበር ሲመዝነን በየዓመቱ ራሱን ይነቀንቃል። በቬርሞንት ኮረብቶች ላይ ሰው የሚወፍረው ከብርድ የተነሣ ነው።

መርል ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ሲጠጋ፣ ዶሪን የቡናውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች መንገዱን ዘጋችበት።

"አስቀምጥ!"

"አይቻለሁ እኮ ዶሪን!"

"ባለፈው ዓመትም ድብ አየሁ ብለህ መንደሩን ካሸበርክ በኋላ፣ ካፖርት የለበሰች የሰባኪያችን ሚስት ሆና ተገኝታለች።"

"እሱ ከሩቅ ነበር።"

"ይኼኛውስ?"

"ከፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ!"

"ሕጉን ታውቃለህ። ተከሳሽ ፊት ለፊት ሳይጠየቅ ጠመኔ አይነሣም።"

መርል ጠመኔውን ወደ ቦታው መመለሱን ትቶ ኪሱ ከተተው። ለማንኛውም ብሎ ነው።

እውነቱን ለመናገር ወሬውን እየጨመርንበት ሳለንም ከመካከላችን ከልቡ ያመነው አልነበረም። ወይዘሮ አርዲስ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከነቦት ጫማቸው ቢመዘኑ ከአንድ ደህና ዱባ አይበልጡም። ወደዚህ መንደር ሙሽራ ሆነው ከመጡ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ስማቸው አንድም ቀን ሰሌዳው ላይ አልወጣም። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ዌንደል አንድ ጊዜ፣ በኦክቶበር ሃያኛው ቀን፣ እሳቸው ዶሮዎቹን ሊያዩ ወጣ ሲሉ ጠብቆ ምድጃውን ለኮሰው። ወይዘሮዋ ተመለሱ፤ ሙቀቱ ፊታቸውን ዳሰሳቸው። ወንበራቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡና እሳቱ እስኪሞት ድረስ ሦስት ቀን እዚያው በሉ፣ እዚያው ተኙ። ዌንደል ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ኖሯል፤ ክብሪት በያዘ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚስቱን ፊት ያይ ነበር ይባላል።

የማያውቃቸው ሰው ለክብራቸው ብለው ብርዱን የሚታገሉ ይመስለዋል። እሳቸውን ቢጠይቋቸው ብርድ ስለሚባለው ነገር ሲወራ ሰምተዋል እንጂ ተዋውቀው አያውቁም። ነገሩ ሌላ ነው። "ምድጃ የነደደ ዕለት ሰው ቤት ይገባል፤ ቤት የገባ ሰው ደግሞ እስከ ኤፕሪል አይወጣም" ይላሉ። "ታዲያ መጸውን ያህል ነገር በክብሪት ልግደለው?"

ስለዚህ አይገድሉትም፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን አንጠፍጥፈው ይጠጡታል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሲነሣ፣ ወንበራቸውን ከቤታቸው ደቡብ በኩል ያወጣሉ። እዚያ ክረምቱን የሚያሻግራቸው ፍልጥ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሯል። የደረደሩት ራሳቸው ናቸው፤ ቅርፊቱ ወደ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጋፋ፣ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ኮፍያውን እስኪያነሣ ድረስ ቀጥ ብሎ። ያ ማገዶ ፀሐይ ሲጠጣ ይከርምና ጀርባውን ለሚያስደግፍ ሰው መልሶ ይሰጣል። ወይዘሮ አርዲስ ከሦስት ወር በኋላ ሊያነዱት የሚችሉትን እንጨት በኦክቶበር ሳያነዱት ይሞቁታል፤ ከዚያም በጃንዋሪ አንድ ጊዜ እንደገና። እንዲህ ያለ ቁጠባ ባንክ ቤት አይገኝም።

ጭናቸው ላይ የሚፈለፈል ደረቅ ባቄላ፣ በቀኛቸው ፖም፣ በግራቸው ምላስ የሚቆነጥጥ የከረመ አይብ። አንድ ጉርሻ ከዚህ፣ አንድ ጉርሻ ከዚያ። የሜፕል ዛፍ ቅጠል እየተንሳፈፈ ባርኔጣቸው ላይ ቢያርፍ አያራግፉትም። የዱር ዝይዎች ወደ ደቡብ ሲያልፉ ይቆጥሯቸዋል፤ ከመስመሩ ወደ ኋላ የቀረውን "አንተ! ቁርስ ላይ ዘገየህ እንዴ?" ብለው ይቆጡታል፤ ዝዩም ክንፉን ያፈጥናል። ማታ በጎማ ከረጢት የሞላ ሙቅ ውሃ እግራቸው ሥር ያደርጋሉ፤ መስኮቱን ደግሞ አንድ ጣት ያህል ከፍተው ይተዉታል፤ የረገፈው ቅጠል ሽታ እንዳያመልጣቸው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አነደዱ የተባሉት። ወሬው ግን በጠመኔ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ዘንድሮ ሌላ ነገር ተንጠልጥሎበት ነበር፤ ቤታቸው።

ልጃቸው ሌይተን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ከተማ ይኖራል። ቤቱ ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፤ ድመቷ እንኳ እግሯን እያፈራረቀች ነው የምትራመድበት። በሴፕቴምበር መጀመሪያ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ በረንዳው ላይ ሲጨቃጨቁ መንደሩ ግማሹን ሰምቷል፣ ግማሹን ራሱ ሞልቷል።

"እማዬ፣ አንድ ቀን ለዚያ ሰሌዳ ብለሽ ደርቀሽ ትገኛለሽ" አላቸው።

"እኔ የምደርቀው ባቄላ ነኝ?"

"ቤቱ ይበርዳል! ካልበረደሽ ለምን ሁለት ሹራብ ትደርቢያለሽ?"

"ታዲያ ገዝቼ ማን ሊለብስልኝ ነው?"

"ከኛ ጋር ኑሪ። የራስሽ ክፍል አለሽ። ወለሉ ይሞቃል።"

"ወለል ረግጬው ልሂድ እንጂ ልታቀፈው አልፈልግም።" ከዚያ ወይዘሮ አርዲስ ትንሽ አሰቡ። ሰው በራሱ የሚተማመን ሲሆን ውርርዱን ያከብደዋል፤ እሳቸውም አከበዱት። "እሺ ስማኝ። ምድጃዬ ኖቬምበር አንድ ሳይገባ ከጨሰ፣ በርዶኛል ማለት ነው። ማንም ሳይለምነኝ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቱንም ትሸጠዋለህ። ካልጨሰ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ በአፍህ አታነሣብኝም።"

ተጨባበጡ። የወይዘሮ አርዲስ ኮልበርን እጅ መጨበጥ በዚህ አገር ከማኅተም ይበልጣል።

ዶሪን ይህን ሁሉ እያሰበች ለመርል ቡና ቀዳችለት። "ብቻ ሌይተን ይህን ወሬ እንዳይሰማ" አለች።

መርል ስኳሩን ማማሰል አበዛ።

"መርል?"

"ልጅ ነው፤ ማወቅ አለበት ብዬ…"

"ደወልክለት? መቼ?"

"ካየሁ በኋላ… አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።"

"ደብዳቤውን እንዲህ ብታፈጥነው ኖሮ!"

ሰባት ሰዓት ላይ የሌይተን መኪና ሱቁ ፊት ቆመ። በኋላው መስኮት የሚታየው ሁሉ ካርቶን ነው፤ የዕቃ መጫኛ ካርቶን ከነማሸጊያው። እሱ ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። እናቱ ተሸንፈው አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት አያውቅም።

"እውነት ነው?" አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

"እሳቸው ይናገሩ" አለች ዶሪን። 'እመለሳለሁ' የሚለውን ጽሑፍ በሩ ላይ ሰቀለችና የፒክአፗን ቁልፍ አነሣች። ሾርባ ስንጠጣ የነበርነው ሁላችን ከኋላ ተጫንን። ምስክርነት ግዴታ ነው።

ኮረብታውን ጨርሰን ፖስታ ሣጥኑ ጋ ስንደርስ የቀልድ ወኔያችን ፈሰሰ። ጭስ ነበር! ከጣራው በላይ፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ። ዶሪን ሞተሩን አጠፋች። ሌይተን ጭሱን አየ፣ ከዚያ ካርቶኖቹን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። መርል ብቻ "አላልኳችሁም?" አለ፤ ድምፁ ግን እንደወትሮው አልሞቀም።

የፊት ለፊቱ በር እንደ ልማዱ አልተቆለፈም። ገባን። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ደግሞም በረዶ ቤት ነው፤ ሰው ሲናገር ቃሉ በእንፋሎት ታጅቦ ይወጣል። ሌይተን ወደ ምድጃው ሄዶ መዳፉን ብረቱ ላይ አኖረ።

"ይቀዘቅዛል" አለ።

"ብረት ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው" አለ መርል።

"ጭሱ አሁን እየወጣ?" አለች ዶሪን።

"እንግዲያው ክፈተውና እንየው።"

ሌይተን የምድጃውን በር ሳበው። በሩ ሲከፈት የድንጋይ ናዳ የመሰለ ነገር ወረደ። ገውዝ! ያ ፍሬው የሚበላ፣ ቅርፊቱ ግን በመዶሻ ካልሆነ እሺ የማይለው የዱር ገውዝ። ምድጃው እስከ አፉ ሞልቶ ኖሮ ወለሉ ላይ ዘረገፈው፤ እየተንከባለለ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከሶፋው ሥር፣ ከመርል እግር ሥር ገባ። መርል ባንዱ ላይ ቆመና ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሳያስበው።

በዚህ መሃል የጓሮው በር ተከፈተ። ወይዘሮ አርዲስ ናቸው። ሁለት ሹራብ፣ ጉንጫቸው ላይ ጥላሸት፣ እጃቸው ላይ ከቁመታቸው የሚበልጥ የእንጨት ማማሰያ።

"ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው?" አሉ። "ሠርግ ነው ወይስ ቀብር? ጎተራዬንስ ማን ክፈቱ አላችሁ?"

"እማዬ፣ ምድጃው ውስጥ ገውዝ…"

"ታዲያ የት ላድርገው? የዛፍ ሽኮኮዎቹ ሰገነቱን ወርሰውታል። የእንጨት ሣጥን ቀደዱ፣ ጆንያ ቀደዱ፣ የአባትህን ቦርሳ ሳይቀር ቀደዱ። ብረት የሚበላ ሽኮኮ እስኪወለድ ድረስ ኦክቶበርን በሙሉ የማስቀምጠው እዚህ ነው። ምድጃ በኦክቶበር ሌላ ምን ሥራ አለው?"

"ጭሱስ?" አለ መርል ከሶፋው ላይ።

"የቱ ጭስ?"

"ከጣራዎ ላይ የሚወጣው።"

ወይዘሮ አርዲስ ወደ መርል ተጠጉ። ከማማሰያው ጫፍ ቡናማ ነገር ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ በእጅጌው ያዙትና በጓሮው በር አወጡት፤ እኛም ተከተልን። ከቤቱ ጀርባ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሦስት ድንጋይ ላይ፣ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያክል የመዳብ ድስት ተጥዷል። ከሥሩ እሳት፣ በውስጡ ደግሞ የሦስት ዛፍ ፖም ከጎህ ጀምሮ ማርማላታ ለመሆን ይንተከተካል። ጭሱ ነፋስ ስለሌለ እንደ ክር ተስቦ ወደ ሰማይ ይወጣል።

"ዶሪን፣ አንቺ አማስይልኝ" አሉና መርልን እንደያዙት ቤቱን ዞረው እስከ ፖስታ ሣጥኑ ጎተቱት።

"ቁም። ምን ታያለህ?"

"ጭስ ማውጫው ይጨሳል።"

"ወደ ግራ አምስት እርምጃ።"

መርል ተራመደ። ጭስ ማውጫው ብቻውን ቀረ፤ ንጹሕ፣ ጫፉ ላይ አንዲት ወፍ የተቀመጠችበት። ጭሱ ከጎን፣ ከሩቁ ጓሮ ሲነሣ ታየ።

"አሁንስ?"

መርል ጭስ ማውጫውን ትቶ ጓሮውን አየ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስታመጣልኝ፣ ከዚህች ሣጥን አምስት እርምጃ አልፈህ አታውቅም ማለት ነው።"

ስንመለስ ሌይተን ድስቱ አጠገብ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። እናቱ ማማሰያውን ከዶሪን ተቀብለው ለሱ ሰጡት። "ሥሩን እየነካህ። ከያዘብን ሦስት ዛፍ ሙሉ አመድ ሆነ ማለት ነው። ማቆም የለም።"

ያማስል ጀመር። በአሥር ደቂቃ ኮቱን አወለቀ። በሃያ ደቂቃ ክራቫቱን ፈታ። በግማሽ ሰዓት ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቀለለና "ይሞቃል እኮ" አለ፤ እንደ አዲስ ግኝት።

"ማን በረደኝ አለህ?" አሉ እናቱ።

ትኩሱን ማርማላታ ዳቦ ላይ ቀብተው በጉንጩ ወሸቁለት፤ እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ። አንድ በላ። ሁለት በላ። አራተኛው ላይ ተረኛ አማሳይ ተተካለትና ሄዶ ፍልጡን ተደገፈ፤ ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ቢያዘነብልም እንጨቱ ገና አልከዳም። ዝይ በላዩ አለፈ። ቅጠል ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሊያራግፈው እጁን ካነሣ በኋላ ተወው። እናቱ ይህን በጎን ዓይናቸው አይተዋል። የጠየቁት ግን ሌላ ነው።

"ሌይተን፣ ያ ወለልህ መቼ ጀመረ?"

"መሠራት?"

"መሞቅ።"

ሌይተን ዓይኑን ወደ ዝይዎቹ ላከ። "ሴፕቴምበር ውስጥ ነው።"

"ስንት?"

"…ሃያ ሁለት።"

መርል ኪሱ ውስጥ ጠመኔውን ሲፈልግ የሚሰማው ድምፅ ከእሳቱ ይበልጥ ነበር።

"ቆይ እንጂ! እኔ ከተማ ነው የምኖረው! ደግሞ ወለል ምድጃ አይደለም!"

"የተወለድከው እዚህ ነው" አሉ ወይዘሮ አርዲስ። "ወለሉም ቢሆን ያው ነው፤ ቤት አስገብቶህ ቀርቷል።"

ዶሪን፣ ሕጉን የምትጠብቀው ዶሪን፣ ትንሽ አሰበችና "ተከሳሽ ፊት ለፊት ተጠይቆ አምኗል" ስትል ፍርዱን ሰጠች።

ማርማላታው ሠላሳ ስድስት ብልቃጥ ወጣው። ብልቃጦቹ ያለ ካርቶን አይጓጓዙም፤ ደግነቱ ካርቶን ሞልቷል። ሌይተን ለእናቱ ቤት ያመጣቸውን ካርቶኖች በማርማላታ፣ በፖምና ከየሶፋው ሥር በተለቀመ ገውዝ ሞልቶ፣ ማሸጊያውን ራሱ አሽጎ ወደ ከተማ ነዳ። ከመሄዱ በፊት እናቱን ጨበጠ፤ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገውዙን ልፈለፍልልሽ እመጣለሁ ያለው ግን ተሰምቷል።

ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ 'ሌይተን ኮልበርን፣ ሴፕቴምበር 22' የሚል ተጽፎ አደረ፤ መንደራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ከዚህ የፈጠነ ሽንፈት አልተመዘገበም። ወሬው ግን ሰሌዳ አይጠብቅም። ቁርስ ሳይቀርብ ወይዘሮ አርዲስ ብርዱ ስለጠናባቸው ምድጃ አነደዱ እንዳይባሉ ብለው ግቢያቸው ውስጥ እሳት አንደው ሲሞቁ ተደረሰባቸው ተባለ፤ ሦስት ሹራብ ለብሰው ነበር ተባለ፤ ሌይተን ድስቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ ሥራውን ለቀቀ፣ ሰገነቱ ላይ ከሽኮኮዎቹ ጋር ሊኖር ነው ተባለ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ አርዲስ ገቡ፤ ባርኔጣቸው ላይ አንድ ቀይ ቅጠል እንዳለ። ሁላችንም ድንገት ሾርባችንን ማየት ጀመርን፤ ጠዋት ስለሆነ ግን ሾርባ አልነበረም።

"ምን ልስጥዎት እማማ አርዲስ?" አለች ዶሪን።

"ዶናት። ትኩሱን።" ሰሌዳውን አነበቡ፤ የልጃቸው ስም ላይ የተዛባችውን አንዲት ፊደል በጣታቸው አስተካከሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

"ምድጃ አላነደድኩም። እሳት አልሞቅኩም። አልበረደኝም። ሻንጣዬ አልታሰረም፣ ቤቴ አልተሸጠም፣ ልጄ አላለቀሰም፤ ዓይኑ ውስጥ ጭስ ገብቶበት ነው። ሹራቡም ሦስት አልነበረም፤ ሁለት ነው።"